ፈቃዴ ታደሰልኝ፣ አያ ሙህሲን

ለውድ ወንድሜ ለአያ ሙህሲን፣ ጅቡቲ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። አያ፣ እንደምን ከረምክ? ጤናህስ? ሙቀቱ በረድ አለላችሁ? ሀስናስ፣ ያ የወገቧ ሕመም ተዋት ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማ ምርኩዟን ጥላ በእግሯ ቆማለች፤ የማሽላውን አጨዳ ካላየሁ ብላ ማሳ ድረስ ወርዳ ተመለሰች። ዘንድሮ ማሽላው ፍሬው ከብዶት አንገቱን ደፍቶ ነው የከረመው።

አሁን ወደ ደስታዬ ልምጣ። የፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ፈቃዴ ታደሰልኝ። እማን ሳስታምም ጊዜው እንዳለፈበት ታውቃለህ። እሷ ሲሻላት ላሳድስ ብሄድ፣ ብዙ ስለቆየ ደሴ ሄደሽ እንደ አዲስ መፈተን አለብሽ አሉኝ። አፋርኛውን እኮ አባባ ግመል ሲነግድ፣ ከአፋር እንግዶቹ ልጆች ጋር ስንጫወት የለመድነው ነው፤ ትምህርት ቤት አልገባንበትም። ፈርቼ ልተወው ብዬ ነበር።

እንዳልተወው ያደረገችኝ ሂባ የምትባል የአፋር ሴት ናት። ባሏ የሮቢት ሰው ነበር። እሱ ሲሞት ወንድሙ ቤቱን ልቀቂ ብሎ ከሰሳት። የገበያ አማርኛ አታጣም፤ ለችሎት ግን አይበቃትም። በቀረበች ቁጥር ፈቃድ ያለው አስተርጓሚ እየታጣ ይቀጠርባታል። ቆቦ ገበያ አግኝታኝ የሆዷን ስታጫውተኝ፣ እኔ የምሰማውን ዳኛው አለመስማታቸው አንጀቴን በላው። ወዲያው ተመዘገብኩ።

ቀኑ ሲደርስ ደሴ ሄድኩ። የተቀዳ የምስክር ቃል እያሰሙኝ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። መሐል ላይ አንድ ቃል አመለጠኝ። በግምት መሙላት ይቻል ነበር፤ እኔ ግን ቆምኩና ይደገምልኝ አልኩ። ፈታኙ አቶ ፍቅሩ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ለምን አቋረጥሽ አሉኝ። ያልሰማሁትን ብናገር የምስክሩ ሳይሆን የራሴ ቃል ይሆናል ብዬ መለስኩ። መልሴን ወረቀታቸው ላይ ጻፉ። በቃ ወደቅሁ ብዬ ስነሳ፣ “ወዴት ትሄጃለሽ? ፈቃድሽ እስኪታተም ተቀመጪ” አሉኝ። ተመልሼ እዚያው ቁጭ አልኩ።

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የቆምኩት ለሂባ ነው። አስተርጓሚ “እሷ እንዲህ አለች” አይልም፤ እንደ ባለጉዳዩ “እኔ” ብሎ ነው የሚናገር። “እኔ ይህን ቤት ከባሌ ጋር ጭቃ አቡክቼ ሠርቻለሁ፤ ልጄንም እዚያው ወልጃለሁ” ስል ድምፄ እንዳይሰበር ቀስ ብዬ ነው የተናገርኩት። ከሳሹም እስከዚያ ቀን ቃሏን ጨርሶ ሰምቶት አያውቅም ኖሯል፤ አቀርቅሮ ቀረ።

ትናንት ፍርዱ ተነበበ። ቤቱ የሂባና የልጇ ነው ተባለ። ግቢው ውስጥ ያ ከሳሽ የነበረው አጎት መጥቶ የወንድሙን ልጅ አቅፎ ሳመው፤ ሰው ሁሉ፣ ፍርዱ ገላገላቸው አለ። ሂባ እጄን ይዛ በአፋርኛ፣ “እዚህ ስንቴ ቆሜያለሁ፤ የተናገርኩት ግን ባንቺ አፍ ነው” አለችኝ። አያ፣ ባጃጅ ላይ ተቀምጬ ቤት እስክገባ ብቻዬን ስስቅ ነበር።

ለሀስና ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ወገቧን ታሳርፍ። ልጃችሁን ረመዳንን በሁለቱም ጉንጩ ሳምልኝ። ባለቤቴ ረዲ ናፍቆቱ የጸና ነው ይልሃል። እማ ደግሞ ይህን ሳነብላት ሁለት ጊዜ አስደገመችኝና፣ ልጆቼን አላህ በሄዱበት ያስከብራቸው ብላ መረቀችን።

እህትህ ጀዊሪያ
ቆቦ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.