ክፍት ነው ተብሎ ስለተቆለፈብን ማሰሻ

ቁጥር፦ የለውም፤ ቁጥር የሚሰጠው ጽሕፈት ቤትዎ ነው
ቀን፦ ጥር 6
ይድረስ ለክቡር አቶ ኃይለ ኢየሱስ፣ የዲጂታል ትጋት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት (የት እንዳሉ የሚነግረኝ ሰው ስላላገኘሁ ነው)

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ወገብዎ በወንበር ብዛት ያልታመመ፣ ስልክዎም እንደ ወትሮው ከማንም ሰው ጥሪ የተጠበቀ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። የዘመሮ ውርጭ ዘንድሮ ጠንክሯል፤ እርስዎ ግን በሥልጠና ምክንያት ቆላ ቆላውን ስለሚያዘወትሩ ብዙም እንዳላገኘዎ ሰምቼ ደስ ብሎኛል።

እኔ የዘመሮ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ፣ ጸሐፊና ጽዳት ሠራተኛ የትምወርቅ በኃይሉ ነኝ። በሦስቱ ኮምፒውተሮቻችን ላይ «ጮራ» የተባለውን አዲስ የኢንተርኔት ማሰሻ፣ ማለትም ብሮውዘር፣ ካስጫኑልን፣ አሮጌውንም ካስጠፉልን ሁለት ወር ሆነ። «የመጀመሪያ አስተያየታችሁን በአንድ ሳምንት አቅርቡ» ብለው አዘው ነበር። የዘገየሁት በስንፍና ሳይሆን የአስተያየት ማቅረቢያው ገጽ ስላልከፈተልኝ መሆኑን ተረድተው ይቅርታ ያደርጉልኛል ብዬ አምናለሁ።

በቅድሚያ ምስጋና። ጮራ ቀላል ነው፤ ስትነሳ እንደ ወፍጮ የምትጮኸው ሦስተኛዋ ኮምፒውተራችን እንኳ ጸጥ ብላ ትከፍተዋለች። ኔትወርኩ ደክሞ በሚውልበት ቀን ሥዕሉን ትቶ ጽሑፉን ያመጣል። ፊደላችንንም አንድ ሳይቀር አጥርቶ ያሳያል። ለዚህ ሁሉ ጽሕፈት ቤትዎን አመሰግን ነበር፤ የሠራው ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ እንጂ።

አንደኛ፣ የምርቃቱን ቀን ይመለከታል። በገበያው አጥርና በወፍጮ ቤቱ በር ላይ «ክፍት ምንጭ ቅዳሜ በዘመሮ ይመረቃል፤ ኅብረተሰቡ መጥቶ እንዲጠቀም ተጋብዟል» የሚል ማስታወቂያ አስለጠፉ። ክፍት ምንጭ ማለት የተሠራበት መንገድ ለማንም የሚታይ፣ ማንም አይቶ ሊያሻሽለው የሚችል የኮምፒውተር ፕሮግራም መሆኑን እኔም የተረዳሁት በኋላ ነው። ቧንቧው ከደረቀ ሦስት ሳምንት ለሆነው ሕዝብ ግን ምንጭ ምን እንደሆነ አስረጂ አላስፈለገውም። በዚያ ቅዳሜ ሰባ ያህል ሰው ጀሪካኑን ይዞ ሪባኑ ፊት ተሰለፈ። ሱፍ ፈትለው የሚተዳደሩት ወይዘሮ አስካለ ማርያምማ በአህያ አራት ጀሪካን ጭነው ነበር የመጡት። «ምንጩ ወዴት ነው ጌታዬ?» ብለው ሲጠይቁዎ «ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው፣ እናቴ» ብለው በትሕትና መለሱላቸው። እሳቸውም ዞረው የኮምፒውተሩን ጀርባ አዩና «ይሄማ ገመድ ነው» አሉ። ሪባኑ ሲቆረጥ ያጨበጨቡት እርስዎ ብቻ ስለነበሩ ድምፁ ለሚያስቀርጹት የምርቃት ቪዲዮ ሳያንስ አይቀርም ብዬ እሰጋለሁ።

ሁለተኛ፣ ጾምን ይመለከታል። የአብነት ትምህርት ቤቱ መምህር መሪጌታ ገብረ አማኑኤል ለተማሪዎቻቸው የብርድ ልብስ እርዳታ የሚጠየቅበትን ቅጽ ሊሞሉ መጡ። ወቅቱ ጾመ ነቢያት ነበር። ጮራም «ይህ ድረ ገጽ ብስኩት ሊያስቀምጥልዎ ይፈልጋል፤ ይቀበላሉ?» ሲል ጠየቃቸው። መሪጌታ መነጽራቸውን አስተካክለው ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ቅቤ አለው?» ብለው ጠየቁኝ። እንጃ አልኋቸው። «አልቀበልም» የሚለውን ተጫኑ። «ብስኩት ካልተቀበሉ መግባት አይችሉም» የሚል መልስ መጣ። «ደግ ነው፣ ከልደት በኋላ እመለሳለሁ» ብለው ተነሥተው ሄዱ፤ ሃያ አራት ሕፃናትም ያለ ብርድ ልብስ ሰነበቱ። ብስኩት የተባለው ድረ ገጹ የጎብኚውን ማንነት የሚያስታውስበት ትንሽ ማስታወሻ መሆኑን እንዲያብራሩልኝ ለጽሕፈት ቤትዎ ሦስት ጊዜ ደውዬ ነበር። ጥሪ ማሳመሪያ ዘፈንዎ በጣም ጥሩ ነው።

ሦስተኛ፣ ስምን ይመለከታል። ከዚህ በኋላ ቁጥር መስጠቴን አቆማለሁ፤ ነገሩ በቁጥር የሚያልቅ አልሆነምና።

የወይዘሮ አስካለ ማርያም ልጅ ፅዮን የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አልፋ የዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍል ምርጫዋን በኢንተርኔት ልትሞላ ሰኞ ጠዋት መጣች። ጊዜው የሚያበቃው ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ነበር። ስሟን ጻፈች። ጮራ ግን ገና ጣቷን ከማንሣቷ «ጽዮን» ብሎ አረመው። ደግማ ጻፈች፣ ደግሞ አረማት። ድረ ገጹም «በዚህ ስም የተመዘገበ ተፈታኝ የለም» አለ። ፊደል አራሚውን ላጥፋው ብዬ ብገባ «ቅንብሩ በጽሕፈት ቤቱ ተቆልፏል» የሚል ጽሑፍ አገኘሁ፤ አጠገቡም የእርስዎ ማኅተም በቀለም ተቀምጧል። ማኅተሙ እጅግ ያማረ ነው።

ለባለሙያዎ ለአቶ ቃለአብ ደወልሁ። «እትዬ የትምወርቅ፣ የይለፍ ቃሉ ያለው በኃላፊው እጅ ነው፤ ኃላፊው ደግሞ ሥልጠና ላይ ናቸው» አለኝ። የምን ሥልጠና ነው ስለው «የፈጣን አገልግሎት አሰጣጥ» አለኝ። መቼ ያልቃል ስለው «ተራዝሟል» አለኝ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ሲናገር ድምፁ ያፍር ነበር።

ማክሰኞ በአቤቱታ ማቅረቢያችሁ በኩል ለእርስዎ ጻፍሁ። ያው ጮራ የእርስዎንም ስም «ሀይለ እየሱስ» ብሎ አቃናው። ረቡዕ መልስ መጣ፦ «በዚህ ስም የሚጠራ ኃላፊ በጽሕፈት ቤታችን የለም»። ነገሩን ከጠረጠርሁት ስለቆየሁ ብዙም አልደነገጥሁ።

በዚያው ቀን ወይዘሮ አስካለ ማርያም እንዝርታቸውን እንደያዙ ቤተ መጻሕፍቱ መጥተው ከልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ። ፅዮን ስሟን እየጻፈች፣ ማሽኑ እያረመ፣ እሷ እያጠፋች ወደ ሠላሳ ጊዜ ያህል ሆነ። እናትየው እንዝርታቸውን አስቀመጡና «አሥራ ሁለት ዓመት የተማረችው በዚሁ ስም ነው። ይሄ ከየት አውቋት ነው ስም የሚያወጣላት?» አሉኝ። ፅዮን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ እንባዋን በእጇ ጀርባ ስትጠርግ አየሁ። ክቡር ሆይ፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ነገሩ ያስቀኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት የጮራን ገጽ እስከ ታች ድረስ አነበብሁት። መጨረሻው ላይ በደቃቅ ፊደል «ይህ ፕሮግራም የሁላችንም ነው፤ ስሕተት ስታገኙ ንገሩን» ይላል። የጽሕፈት ቤትዎ መመሪያ «ሠሪዎቹ ዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ስለሆኑ በቀጥታ መገናኘት ክልክል ነው» እንደሚል አልጠፋኝም። ክልከላውን አክብሬ፣ በትሕትና ጥሼ ጻፍሁላቸው። በምሳ ሰዓት መልስ ደረሰኝ። የጻፈው ስንታየሁ የሚባል ሰው ሲሆን፣ ዓለም ከተማ ውስጥ በአንድ መድኃኒት ቤት ይሠራል፤ ጮራንም ከአርባ ያህል ሰዎች ጋር በትርፍ ጊዜው ነው የሚሠራው። ዓለም አቀፍ ያሉን ዓለም ከተማን ኖሯል።

መልሱ እንዲህ ይላል፦ «እህቴ፣ ፊደል አራሚው ከእኛ እጅ ሲወጣ ጠፍቶ ነው የሚወጣው። አብርቶ የቆለፈው የእናንተው ጽሕፈት ቤት ነው። ብስኩቱ ግን የእኛ ጥፋት ነው፤ መሪጌታን ይቅርታ ጠይቂልን፣ ነገ ‹ማስታወሻ› ተብሎ ይታረማል። ለልጅቱ ያልተቆለፈውን ጮራ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ጫኝላት። ክፍት ስለሆነ የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም።»

በዘመሮ ሌላ ኮምፒውተር ያለው ማን እንደሆነ ሳጠያይቅ ቆይቼ ዓርብ ከቀትር በኋላ ወደ መሪጌታ ሄድሁ፤ አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው የሰጣቸው ላፕቶፕ አላቸው። ይቅርታውን ስነግራቸው ጥምጣማቸው እስኪላላ ሳቁ። ከዚያ ላፕቶፑን በጋቢያቸው ውስጥ አቅፈው፣ ፅዮንና እናቷ ወደሚጠብቁበት ቤተ መጻሕፍት ተከተሉኝ። ጮራን እንደጫንን መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ቢኖርም የቤተ መጻሕፍቱ ኢንተርኔት አብሮ ጠፋ። በስልኬ እንዳላገናኝ ኔትወርክ የሚገኘው ከጓሮው የድንጋይ ካብ ላይ ነው። ስለዚህ አራታችንም ወጣን። ነፋሱ ከጓሳ ተራራ በኩል ይገርፋል፤ ፅዮን ካቡ ላይ ተቀምጣ ላፕቶፑን በጉልበቷ ያዘች፤ መሪጌታ ፀሐዩ በላፕቶፑ ማያ ላይ እንዳያንጸባርቅ ጋቢያቸውን ዘርግተው ቆሙ፤ እኔ ስልኬን ወደ ላይ ይዤ፣ እናትየው ደግሞ እኔን ደግፈው ይዘው።

ፅዮን ስሟን ከመጻፏ በፊት መሪጌታ አንድ ነገር ተናገሩ። «ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ጽዮን በግእዙ በጸሎቱ ጸ ነው የሚጻፈው፤ ማሽኑ አልተሳሳተም።» ሁላችንም ደነገጥን። ቀጠሉና «ነገር ግን ሰው የሚፈለገው በተመዘገበበት ስም ነው። አንቺ እንደተመዘገብሽው ጻፊው፤ የፀሐዩን ፀ ያገባብሽን መዝገብ ጸሐፊ እኔ አገኘዋለሁ» አሏት። በዚህ አገር ፊደል የማረም ሥልጣን ያለው ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው፤ መቼ መተው እንዳለባቸው የሚያውቁትም እሳቸው መሆናቸውን ያን ቀን አየሁ።

ጻፈች። ማንም አላረማትም። ገጹ ተከፈተ። ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ለአሥራ አንድ ሰዓት ዘጠኝ ደቂቃ ሲቀረው «ምርጫዎ ተመዝግቧል» አለ። «ገባች?» አሉ እናትየው። ገባች አልኋቸው። እጄን ለቀቁና መሬቱን ሳሙት። መሪጌታ ጋቢያቸውን መልሰው ለመልበስ ሲሞክሩ እጃቸው በብርድ ደንዝዞ እምቢ አላቸው፤ ፅዮን ናት ያለበሰቻቸው።

ልጅቱ በመጀመሪያ ምርጫዋ፣ በእንስሳት ሕክምና ተመድባለች። የፊታችን ሰኞ ትሄዳለች። መሪጌታ «ማስታወሻ» የተባለውን ተቀብለው ቅጹን ስለሞሉ የአብነት ተማሪዎቹም ብርድ ልብስ ደርሷቸዋል።

እኔም የሚገባኝን አላጣሁም። ሁለት ወር ሙሉ ስጽፍልዎ ኖሬ የመጀመሪያው መልስዎ ከትናንት ወዲያ ደረሰኝ፦ «ያልተፈቀደ ኮምፒውተር ባልተፈቀደ ፕሮግራም፣ ከሥራ ቦታ ውጭ፣ በካብ ላይ በመጠቀም» የሚል የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ነው። ካቡ ሳይቀር መጠቀሱ ጽሕፈት ቤትዎ ሲፈልግ እንዴት ያለ ጥንቃቄ እንዳለው ያሳያል። በሦስት ቀን ውስጥ ምክንያቴን እንዳስረዳ ስላዘዙኝ ይኸው አስረድቻለሁ፤ ጥፋቱንም ሙሉ በሙሉ አምኛለሁ። ማስጠንቀቂያውን ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ ይህን ደብዳቤ ደግሞ ከጎኑ ለጥፌያለሁ፤ አንባቢ ሁለቱን ወገን ማየት አለበትና። ሁለተኛውን ማስጠንቀቂያ ለመጻፍ ካሰቡ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ፦ አስቀድመው ቁልፉን ይክፈቱልን። የሚቀጥለው ዓመት ተፈታኞች አርባ ሦስት ናቸው፣ ካቡ ደግሞ የሚይዘው አራት ሰው ብቻ ነው።

የሥልጠናዎን መራዘም ዕድሜዎ ይከተለው ዘንድ እየተመኘሁ፣ ያልታረመ ሰላምታዬን ከታላቅ አክብሮት ጋር አቀርባለሁ።

የትምወርቅ በኃይሉ
ዘመሮ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ

ማስታወሻ፦ የጮራ አዲስ እትም ትናንት ወጥቷል፤ ስንታየሁና ባልደረቦቹ አንድ ነገር ጨምረውበታል። ከእንግዲህ ቅንብሩን መቆለፍ የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ለምን እንደቆለፈው በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ አለበት፤ የጻፈውም ማሰሻውን ለሚከፍት ሰው ሁሉ ከነስሙ ይታያል። በእርስዎ ቦታ ሆኜ ባዶውን ልተወው ሞክሬ ነበር። አይፈቅድም።