ለእማዬ ያስገጠምኳቸው የኋላ ስፒከሮች

«እማዬ ጆሮዋ መስማት ካቃተው ዓመት ሊሞላው ነው። አንተ ስትናገር ስለምትጮህ ነው ያላወቅኸው። እንዳይቆጣኝ አትንገሪው ብላኛለች።»

ይህ ትናንት በስልክ የላክሽልኝ መልእክት ነው፤ አንድ ፊደል አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩበትም።

ውድ እህቴ፣ ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽስ፣ ልጆችሽስ ደኅና ናቸው? እኔ ደኅና ነኝ እንዳልልሽ ከትናንት ጀምሮ መልእክትሽን ደጋግሜ አነባለሁ።

እማዬ ጉልበቷን ካመማት ወዲህ መኪና ውስጥ የምትቀመጠው እግሯን ዘርግታ ከኋላ ነው። ቴፑን ስከፍት «እኔ ጋ አይደርስም» ትለኛለች። እኔም ጥፋቱን በመኪናው ላይ ጥዬ ከኋላ ሁለት ስፒከር አስገጠምኩ። ገጣሚው የበሩን ሽፋን ፈትቶ ሽቦ ሲዘረጋ አጠገቡ ቆሜ ፕላስና ማይነሱን ሁለት ጊዜ አስፈተሽኩት። «ጋሼ፣ መፍቻውን ልስጥዎትና እኔ ቤቴ ልግባ?» አለኝ።

ሲጨርስ እማዬን ከኋላ አስቀመጥናትና ድምፁን ከፊት ወደ ኋላ እያዘዋወርን መመጠን ጀመርን። በሙሉ ወደ ኋላ ስናደርገው ዓይኗን ከሰውዬው እጅ አልነቀለችም። ከዚያ ሰውዬው አንድ ሽቦ ሊያጠብቅ ቴፑን አጥፍቶ ጎንበስ አለ። ይሄኔ እማዬ ሥራው ያለቀ መስሏት ፈገግ ብላ «አሁን ገና ደረሰኝ፤ ጥርት ያለ ነው፤ እጅህ ይባረክ የኔ ልጅ» አለችው። መኪናው ውስጥ ምንም ድምፅ አልነበረም። ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝ፤ ያ ሁሉ ቀልዱ ጠፋ።

ቤት ገብተን ከጀርባዋ ቀስ ብዬ ጠራኋት፤ አልዞረችም። አንቺን የጠየቅሁሽ ከዚያ በኋላ ነው።

እኔና እማዬ በቀን ሦስቴ አንድ ገበታ ላይ የምንቀመጥ ሰዎች ነን። አንቺ ዘንድ ስትከርም ሐኪም ቤት ወስደሽ አስመርምረሻታል፤ ወረቀቱም አንቺ ጋ ነው። እኔ ግን ዓመት ሙሉ መኪና ስወቅስ ከረምኩ። ጆሮዋ ታመመ ብዬ ነው እናቴን የምቆጣት? ስልክ ያልደወልኩልሽ ብደውል ስለምጮህ ነው፤ ከጮህኩ ደግሞ እማዬ ትሰማለች።

ለባለቤትሽ የአክብሮት ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ፈተና ላይ ያለችውን ትልቋን በርቺ በያት፤ መንትዮቹን ሳሚልኝ። እማዬ ሁላችሁንም ሰላም ብላለች፤ የምጽፈውን አላነበብኩላትም።

ለታኅሣሥ 12 የጆሮ ሐኪም ቀጠሮ ይዣለሁ። ሐኪሟ የፊተኛውን ምርመራ ሳታይ የቀረው የእማዬ መስማት ይትረፍ አይትረፍ መናገር እንደማትችል ነግራኛለች። ስለዚህ በየትኛው ጆሮዋ እንደጀመራትና ያኔ ምን እንደታዘዘላት በእጅሽ ጽፈሽ፣ ከምርመራው ወረቀት ጋር እስከ ታኅሣሥ 8 ቀን እንዲደርሰኝ አድርጊ።

ወንድምሽ
ከእማዬ ቤት፣ ኅዳር 23 ቀን