ወደ እናታችን የሚወስደው መንገድ

ይድረስ ለውድ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽን ተሻለሽ? ልጆቹስ? የትልቋ ጥርስ በቀለ? እናታችንን ዓይኗ እንዴት እያደረጋት ነው? እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ፤ ሥራም አለ፣ ክፍሌም ይሞቃል። ደህና ያልሆነው ሆዴ ነው፤ እሱን የሚያክም ሐኪም ስለሌለ ለአንቺ ልጽፍ ተቀመጥኩ።

ነገሩ የመጣው በባልሽ ነው። አትቆጪ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ታውቂያለሽ፣ ከሄድኩ ወዲህ ለእናታችን የማደርግላት አንድ ነገር ብቻ ነው። እሁድ እሁድ ከክፍሌ ሆኜ በቪፒኤን ኮምፒውተሯ ውስጥ እገባለሁ። ቪፒኤን በኢንተርኔት ውስጥ ለእኛ ብቻ የተቆፈረ ዋሻ ነው በይው። ፊደሉን አተልቅላታለሁ፣ የልጆቹን ፎቶ እደረድርላታለሁ። እሷም ቀስቷ ስክሪኑ ላይ በራሷ ስትሄድ አይታ፣ በስልክ «አሁን እጅህ መጣ» ትለኛለች።

ኢንተርኔቱን ለቤታችሁ የሚያድለው አሮጌው ራውተር ተቃጥሎ ባልሽ አዲስ የገጠመ ዕለት እጄ ቀረ። ብደውልላት «አትቸገር ልጄ፣ የእህትህ ባል ወንበሩን አስጠግቶ ሁሉን እያሳየኝ ነው» አለችኝ። ያ ወንበር የእኔ ነው። እግሩን በሽቦ ያሰርኩት እኔ ነኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቅናቱ የእግር እሳት ሆነብኝ። ባልሽ ቀኑን ሙሉ የሰው ፀጉር ሲቆርጥ ይውላል፤ ማታ ደግሞ የሰው እናት ይቀማል ወይ? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚሉት ሰዎች ራሳቸው ሩቅ ሄደው አያውቁም።

ጥርሴን ነክሼ ሥራ ያዝኩ። የእኔ ኮምፒውተር በሊኑክስ ነው የሚሠራው፤ የጠየቅሽውን ይመልሳል፣ ያልጠየቅሽውን ግን አይነግርሽም። ዋሻው ክፍት ነው ወይ ስለው ክፍት ነው ይለኛል። ቁልፎቹን ቀየርኩ፣ በረኛ ሆኖ የሚጠብቀውን ፋየርዎል ፈተሽኩ፣ ዋሻውን አፍርሼ እንደገና ቆፈርኩ፤ ወይ ፍንክች። ይግረምሽ ብሎ የእናታችንን ኮምፒውተር አድራሻ ስጠራ አቤት የሚል ተገኘ። ደስ ብሎኝ ልገባ ስል ለካ የመለሰልኝ አልጋዬ አጠገብ ያለው የራሴ ማተሚያ ነው። ተናድጄ ነቀልኩት።

ያን ጊዜ ነው ኮምፒውተሩን፣ ወደ እናቴ የምልከውን በየት በኩል ነው የምትሸኘው ብዬ የጠየቅሁት። በክፍልህ ዋይፋይ አለኝ። ዋሻው ባዶውን ቆሟል። የቤታችሁ አዲስ ራውተርና የእኔ ራውተር የሚያድሉት አድራሻ ከላይ እስከ ታች አንድ ሆኖ ኖሯል። እዚህም እዚያም አንድ ዓይነት የቤት ቁጥር ካለ መልእክተኛው ለምን ባሕር ያቋርጣል? ለቅርቡ አድርሶ ይመለሳል።

ከቁጥር ሁሉ መርጦ የእኔኑ ከየት አመጣው ብዬ ባልሽ ጋ ደወልኩ። ድምፄ ጥሩ አልነበረም፣ ነግሮሽ ይሆናል። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ለምሳሌ ይሆነዋል ብዬ አምና የራውተሬን የቁጥር አሞላል ፎቶ አንስቼ ልኬለት ነበር፤ እሱን አንድም ሳያስቀር ገልብጦታል። «ያንተና የእናትህ ቤት አንድ ይሁን ብዬ እኮ ነው» አለኝ። እንዲህ የሚያናድድ ደግነት አይቼ አላውቅም።

ቀይረው ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እሱ ከቀየረው እናታችን የምታመሰግነው እሱን ነው። ስለዚህ የእኔን ራውተር ቁጥር ቀየርኩ።

ዋሻው ወዲያው አሳለፈኝ። ስክሪኗ ላይ ስደርስ ፊደሉ ትልቅ ነው፣ ፎቶዎቹም ተደርድረዋል፤ ለእኔ የቀረ ሥራ የለም። እንዲሁ ቀስቷን ወዲያና ወዲህ አንቀሳቀስኳት። እናታችን ስልኩን እንደያዘች ባልሽን «እስኪ ከወንበሩ ተነሳለት፣ ልጄ መጥቷል» ስትለው ሰማሁ። እህቴ፣ ወንበሩ ሲንቋቋም ሁሉ ተሰምቶኛል።

የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝ። ትልቋ ጥርሷን ካበቀለች ፎቶ ትላክልኝ፤ ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ፣ ማውዙን አይንካ በይው። ባልሽንም ሰላም በይልኝ። ወንበሬ ላይ ይቀመጥ፣ አልከለክልም፤ እሁድ እሁድ ግን ይነሳልኝ።

ወንድምሽ
ከክፍሌ፣ ከማተሚያው አጠገብ
ኅዳር ፲፪ ቀን