ሁለት ጊዜ የተለቀሰላቸው ሻምበል ምሕረትአብ ባህታ

ሻምበል ምሕረትአብ ከአባታቸው ከአቶ ባህታ ገብረዝጊ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ለተብርሃን ተስፉ በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ፣ አዲ ኡግሪ ተወለዱ። አባታቸው ገና በልጅነታቸው ስለሞቱባቸው፣ የጭነት መኪና ሹፌር የነበሩት አጎታቸው በ1957 ዓ.ም. ወደ ደብረ ታቦር አምጥተው አሳደጓቸው። ትምህርታቸውንም እዚሁ ጨረሱ። ሲቆጡ ካልሆነ በስተቀር ከሩቅ መምጣታቸው በአነጋገራቸው አይታወቅም ነበር።

በ1965 ዓ.ም. ጦር ሠራዊት ገብተው መኮንን ሆኑ። በ1969 ዓ.ም. ወይዘሮ ጸዳለ ደምሴን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው ዘውገንና ሜሮንን ወለዱ። ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ኑሯቸው ኤርትራ ግንባር ሆነ። እዚያ ለነፃነት ከሚዋጉት መካከል በልጅነታቸው አብረዋቸው ኳስ የተጫወቱ የሰፈራቸው ልጆች ነበሩ። እሳቸው ለኢትዮጵያ የገቡትን መሐላ ይዘው ተዋጉ፤ ሁለት ጊዜ ቆሰሉ፤ የሻምበልነት ማዕረግ አገኙ። በጥይታቸው ፊት ማን እንደቆመ ግን ለማንም ተናግረው አያውቁም።

በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፍአበት ላይ ወደቁ ተብሎ መርዶ መጣ። ወይዘሮ ጸዳለ ጥቁር ለበሱ፤ ፍትሐት ተደረገ፤ ተዝካርም ወጣ። ሻምበል ግን ተማርከው ነበር። በ1983 ዓ.ም. ክረምት፣ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ ከስተውና ጠቁረው የገዛ ቤታቸውን በር አንኳኩ። ሠራዊቱ ስለፈረሰ ማዕረጋቸው እንጀራ አልሆናቸውም፤ አንበሳሜ ከተማ ወፍጮ ቤት ተቀጥረው ልጆቻቸውን አሳደጉ።

በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ደግሞ፣ ደማቸውን ያፈሰሱላት አገር ሰዎች “ሻዕቢያ” አሏቸው። ካሉት መካከል ዛሬ ለቅሶ የመጡ አሉ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ዘውገ የአባቱ ስም እንዲህ ሲጠፋ መስማት አቅቶት፣ እሳቸው እየለመኑት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ዘመተ። አልተመለሰም። በ1995 ዓ.ም. መርዶው ደረሰ።

ወይዘሮ ጸዳለ ለልጃቸው ፍትሐት እንዲደረግ ለመኑ። ሻምበል ግን “የኔንስ ተዝካር በልታችሁ አልነበር?” ብለው እምቢ አሉ። የንስሐ አባታቸው ቄስ በላይነህ ደጋግመው ቢመክሯቸውም አልሰሙም። በ2011 ዓ.ም. መስከረም ድንበሩ ሲከፈት የልጃቸውን ፎቶግራፍ ይዘው አዲ ኡግሪ ድረስ ሄዱ። እናታቸው ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ፎቶግራፉን ላገኙት ሰው ሁሉ አሳዩ፤ ዘውገን አውቃለሁ ያለ አንድም ሰው አልተገኘም። ከዚያ ከተመለሱ ወዲህ እህል አልቀመስ አላቸው።

የኩላሊት ሕመማቸው ጠንቶባቸው ሳለ ባለቤታቸውን አስጠርተው፣ “ጸዳለ፣ በይ እንግዲህ ለልጁም ፍትሐቱን አስደርጊለት። እኔ ደክሞኛል” አሏቸው። ጥር 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ዐረፉ። ቄስ በላይነህ የአባትንም የልጅንም ስም ሊጠሩ ሲሰናዱ፣ ያን ሁሉ ዓመት ፍትሐት ሲለምኑ የኖሩት ወይዘሮ ጸዳለ ከተቀመጡበት ተነሡ። “የእሳቸውን ብቻ ይጥሩ አባ። እሳቸው ከደከማቸው እኔ እጠብቀዋለሁ” አሉ።

ስለዚህ ይህን የጻፈችው ልጃቸው ሜሮን በእናቷ ትእዛዝ እንዲህ አስፍራለች፦ ሻምበል ምሕረትአብ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጸዳለ ደምሴን፣ ልጆቻቸውን ዘውገ ምሕረትአብንና ሜሮን ምሕረትአብን በሕይወት ትተው ሄደዋል። መድኃኔዓለም የደከመች ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን፤ በር በሩን እያዩ የቀሩትንም እሱ ያስባቸው። አሜን።