ቋሚው ስድስት ክንድ ሆነ፤ ለአስካለ

አስካለ፣ የልጆቼ እናት፤

አፈር ከለበስሽ ሁለት ክረምት አለፈ። ይህን የሚጽፍልኝ ጎረቤታችን ደብተራው ነው። ላሳምረው ቢለኝ፣ ተው፣ እንዳልሁህ ጻፍ አልሁት።

ቤቱ ደህና ነው። ትንሿ ልጅሽ ወደ የካ ተድራ ሄደች። እኔ ጥርሴ አለቀ፤ መጥረቢያዬ ግን አልዶለዶመም።

እንጦጦ ላይ የእህል ቤት እየሠራሁ ነው፤ እንደ ጎጆ ክብ ሳይሆን ባለ አራት ማዕዘን። ከግድግዳ ግድግዳ የተጋደመው እንጨት አሥራ ሦስት ክንድ ነው። ጣራውን የሚሸከመው ቋሚ ግን መካከሉ ላይ አያርፍም፤ ከአንዱ ጫፍ አራት፣ ከሌላው ዘጠኝ ክንድ ላይ ነው። ከቋሚው አናት ግራና ቀኝ ወደ ግድግዳው የሚወርዱት እንጨቶች፣ ወራጆቹ፣ አናቱ ላይ እንደ ቤት ማዕዘን ቀጥ ብለው መግጠም አለባቸው። የቀረን ጥድ አንድ ብቻ። የሥራው ሹም «የስፋቱን ግማሽ፣ ስድስት ተኩል ቁረጥ። አጥሮ ከተገኘ መጥረቢያህን አስረክበህ ውረድ፣ ሽማግሌ» አለኝ።

ጎጆ የለመደ ሁሉ እንዲህ ይላል። እኔም ቋሚው መካከሉ ላይ የማያርፈውን ያባትሽን ጎተራ ስሠራ ግማሹን ቆርጬ፣ ወራጁ ግድግዳው ላይ ሳይደርስ ቀረ። እንጨቱ ጠማማ ነው ብዬ ስጮህ፣ አንቺ ቁርበት በሦስት ጎን ቀደድሽ፣ አንዱን ማዕዘን ቀጥ አድርገሽ። ከዚያ ማዕዘን ወደ ረጅሙ ጎን ቀጥ ብለሽ ለሁለት ከፈልሽው። ትንሹን ትልቁ ላይ ስታስተኚው መልካቸው አንድ ነው። ረጅሙ ጎን የተጋደመው እንጨት፣ የቀደድሁበት መስመር ቋሚው ነው፤ የተጋደመው እንጨት አጭሩ ወገን ቋሚውን ለማከል በሚያድገው ልክ፣ ቋሚውም ረጅሙን ወገን ለማከል ያድጋል አልሽኝ።

አራት ግማሹን ሲጨምር ስድስት፤ ስድስትም ግማሹን ሲጨምር ዘጠኝ። ሹሙ ፊት ሽምብራ ዘጠኝ ዘጠኝ አድርጌ በአራት ረድፍ ደረደርሁ። ያንኑ ሽምብራ እኩል በእኩል ብደረድረው፣ ስድስት በስድስት ሆነ፤ አልተረፈም፣ አልጎደለም። ስድስት ክንድ ቆረጥሁ።

መሬት ላይ አጋድመን ገጠምነው። አብሮኝ የወጣው ደብተራ የያዘውን መጽሐፍ ማዕዘን ወራጆቹ መጋጠሚያ ውስጥ ቢያስገባው ፀጉር አላሳለፈም። ሹሙ ጎንበስ ብሎ መጋጠሚያውን አየ። ሌሎቹ ሠራተኞች አወደሱኝ። ስንት ዘመን እንዲህ ሲያወድሱኝ ምስጋናሽን በላሁት፤ ዛሬ ግን ልኩ የአስካለ ነው አልሁ። አንዱ ሳቀ፣ «ሴት ስለ ጣራ ምን ታውቃለች?» አለ። ያንተ ሚስት ዝም ያለችህ ጣራህ ስለማያፈስ መስሎህ ነው? አልሁት።

ከእንግዲህ ይህን ልክ ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ አስቀድሜ ስምሽን ሳልጠራ አላሳይም። ቁርበትሽን ግን ለማንም አልሰጥም። የራሱን ይቅደድ።