የቀኝ እግሬን ጥፋተኝነት ላረጋገጡልኝ ሥራ አስኪያጅ

ለክቡር አቶ ፒዮ ዶንግሁን
የመኪና ጥገና ማዕከሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ጋንግኑንግ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በዚያ በሚያብረቀርቀው መቀበያ ክፍል ለሚያገለግሉት ሁሉ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። በእርስዎ በኩል፣ በባሕሩ ዳር፣ ብርዱ ዘንድሮ ገር እንደነበረ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ከዴግዋልዮንግ ተራራ በላይ ያለነው ግን ከኅዳር ጀምሮ በበረዶውና በረዶውን ለማቅለጥ መንገድ ላይ በሚበተነው ጨው ላይ ስንነዳ ከርመናል።

ምናልባት ከረሱኝ፣ ታክ ምዮንግሱክ እባላለሁ፤ ድንችና ጎመን አመርታለሁ። ባለቤቴ ኡልሳን ከተማ መርከብ ስለሚበይድ በወር አንዴ ነው የሚመጣው። አማቴ ወይዘሮ ኦክ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ኩላሊታቸውን የሚታጠቡት እርስዎ ከተማ ነው፤ አውቶቡሱ ከመንደራችን ከቀረ ደግሞ ሁለት ዓመት አልፎታል። ያለችን ያቺ ነጭ የቤት መኪና ብቻ ናት። ይህንን ደብዳቤ በወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት፣ ለእርስዎ ያለኝ ምስጋና በፖስታ ታሽጎ እንዳይቀር ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። በመስከረም የፊት ቀኝ ጎማ ሲንሲያጠጥብኝ መኪናዋን አመጣኋት፤ ሠራተኞችዎ አዲስ የፍሬን ሸራ ገጥመው አሮጌዎቹን በካርቶን ሰጡኝ። የውጪው ሸራ ጣት ያህል ውፍረት ሲኖረው የውስጡ ተበልቶ ብረቱ ወጥቶ ነበር። ምክንያቱን ብጠይቅ እርስዎ ራስዎ ከቢሮዎ ወጡና፣ «እመቤት፣ ይኼ የእግርዎ ጠባይ ነው። ሴቶች ፍሬን ላይ ይተኛሉ» አሉኝ። እግሬ የውስጡን ሸራ ለይቶ የውጪውን የሚምረው እንዴት እንደሆነ ብጠይቅ ሳቁና፣ «እሱን ለባለሙያ ይተዉት» አሉ። ሃምሳ ሁለት ዓመት ተሸክሞኝ የኖረ እግር ይህን ያህል ብልህ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ። በታኅሣሥ ድምፁ ተመልሶ መጣ። የሰጡኝ ቀጠሮ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር፤ እስከዚያ ሌላ ሰው ጎማዋን ከፈታ የአምስት ዓመቱ ዋስትና እንደሚሰረዝም በትሕትና አሳሰቡኝ። እንግዲህ ሌላ ጋራዥ መሄድ አልችልም፤ መኪናዋን ማቆም አልችልም፤ አማቴን ማስቀረት አልችልም። መውጫ ሳያስቀሩ ሰውን በእንዲህ ያለ ጨዋ ቋንቋ መቆለፍ ተሰጥኦ ነው። በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬኑን እየፈራሁት፣ ያንን ሁሉ ኩርባ ቁልቁል ስወርድ ከረምኩ። አማቴ የጎማውን ድምፅ እንዳይሰሙ ሬዲዮ ከፍ አደርጋለሁ። እሳቸው ግን አንድ ቀን ሬዲዮውን ዘጉትና፣

«ምራቴ፣ የነገን እጥበት ብዘለውስ?» አሉኝ።

«ሐኪሙ ምን ይላል፣ እማማ?»

«ሐኪሙማ ቤቱ ታች ነው።»

እኔም ለአንድ ቅጽበት «እሺ ይቅር» ልላቸው አስቤ ነበር። ክቡር ሆይ፣ ለዚያች ቅጽበት ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ እስካሁን ቃል አላገኘሁም።

ሦስተኛ፣ ከቀጠሮዬ ስምንት ቀን ቀደም ብሎ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ተራራው ወገብ ላይ መኪናዋ ወደ ቀኝ መጎተት ጀመረች። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ዳር ይዤ ስወርድ ጎማው ይጨሳል። ማዕከልዎ ደወልኩ፤ ስልኩን ያነሳችው ልጅ በጣም ጨዋ ናት፣ «እባክዎ ምንም አይንኩ፣ ጎታች መኪና ከሁለት ሰዓት በኋላ ይደርሳል» አለችኝ። አማቴ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው እግራቸው አብጦ ተቀምጠዋል። ከዚያ የደወልኩት ለጎረቤታችን ለአቶ ቦንግ ነው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ትራክተር ይጠግኑ የነበሩ ሰው ናቸው። በድንች መጫኛ መኪናቸው መጥተው አማቴን ሆስፒታል አደረሱልኝ፤ የደረሱት አርባ ደቂቃ ዘግይተው ነው። መኪናዋን ግን፣ ጎታቹ ሲመጣ፣ ወደ እርስዎ ሳይሆን ወደ አቶ ቦንግ መጋዘን አስወሰድኳት። ይህ የኔ ጥፋት ነው፤ አልክድም።

አቶ ቦንግ በክሪክ አነሷት፣ ጎማውን ፈቱ፣ ሸራዎቹን የያዘውን ካሊፐር በእጃቸው ሊገፉት ሞከሩ። ንቅንቅ አላለም።

«የሶላ እናት፣ ነይ እስቲ ግፊው» አሉኝ፣ እንደ ልማዳቸው በልጄ ስም ጠርተው። «ይኼ በነዚህ ሁለት ፒኖች ላይ ወዲያ ወዲህ መንሸራተት አለበት። ጨው ገብቶ ዝጓል። ስለዚህ የውስጡ ሸራ ብቻውን ዲስኩን ያሻል፣ የውጪው ቆሞ ያያል።»

«እግሬስ?»

«እግርሽ ምን አደረገ?»

የታችኛውን ፒን በመዶሻ ለማውጣት አንድ ሰዓት ፈጀባቸው፤ ሲወጣ የዛገ ምስማር ይመስል ነበር። በብርጭቆ ወረቀት አጸዱት፣ ግራሶ ቀቡት፣ የተቀደደችውን የጎማ ቆብ ቀየሩ፣ አዲስ ዲስክና ሸራ ገጠሙ። ካሊፐሩን በአንድ ጣቴ ገፋሁት፤ ሄደ። እዚያው መጋዘኑ ወለል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ አቶ ቦንግም መፍቻዎቻቸውን የሚቆጥሩ መሰሉ። ይኸው ከሦስት ወር በኋላ ስንለካ የውስጡም የውጪውም ሸራ እኩል ነው። እግሬ ጠባዩን አሻሽሏል።

በመጨረሻም፣ ባለፈው ሳምንት ዋስትናዬ «መኪናዋ ባልተፈቀደለት እጅ በመነካቷ» መሰረዙን የሚገልጸው ባለ ማኅተም ደብዳቤዎ ደርሶኛል። በስድስት ወር ውስጥ ከማዕከልዎ ሳልለምን የደረሰኝ ብቸኛው ነገር ስለሆነ ከልብ አመሰግናለሁ። አሁን ማንም ሊፈታት ስለሚችል ነፃ ሰው ነኝ።

የመቀበያዎ ወንበሮች ምቾት እንዳይጎድልባቸው፣ የእርስዎም እግር ፍሬን ላይ እንዳይተኛ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ታክ ምዮንግሱክ
ከተራራው በላይ

ማሳሰቢያ፦ አቶ ቦንግ ቅዳሜ ቅዳሜ የመንደሩን መኪኖች ፒን ግራሶ መቀባት ጀምረዋል፤ እኔም መብራት እይዝላቸዋለሁ። እስካሁን ከከፈትናቸው አሥራ አንድ መኪኖች ስድስቱ በማዕከልዎ «ተመርምሯል» የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው ሲሆኑ፣ ከስድስቱ የአራቱ ፒን ዝጎ ነበር። ከአራቱ አንዷ ባለፈው ቅዳሜ ከከተማ ድረስ የመጣች ግራጫ መኪና ናት፤ ባለቤቷ ጨዋ ሴት ናቸው፤ ፍሬን ላይ የመተኛት ጠባይ አለባቸው ብለው ባላቸው እንደነገሯቸው አጫወቱን። የባላቸውን ስም ስንጠይቃቸው ግን መምጣታቸውን ለእርስዎ እንዳንነግር ለመኑን።