የማይዘጋው የ«አ» መሳቢያ

ሰኞ

ፋይሉ የለም! ከዓመት ፈቃድ በተመለስኩበት በመጀመሪያው ጠዋት ይህ ይጠብቀኝ? የሲሬው ገበሬ የቶለሳ ዲንቃ አቤቱታ ነው። በስማቸውም በአባታቸውም ስም ፈለግሁ። ሽማግሌው በር ላይ ቆመው እየጠበቁ፣ እኔ የነቀምቴዋ ልጅ፣ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ፣ ባዶ እጄን ወጣሁ። አፈርኩ። ጎረቤት መሬታቸውን ገፍቶባቸዋል፤ ኮሚቴው ዓርብ ሊያይላቸው ቀጥሯል፤ ያለ ፋይል ግን አያይም።

ከሰዓት የባሰ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ሰበሰቡንና «ይሄ አሻጥር ነው» አሉ። ዓይናቸው ረዳቴ ገመቹ ላይ ነበር። እሱም የሲሬ ልጅ ነዋ፤ ለሽማግሌው ባላጋራ ወግኖ ደብቆት ይሆናል ነው ነገሩ። እስከ ዓርብ ካልተገኘ ስሙ በደብዳቤ ለቀበሌ ይተላለፋል። በዚህ ጊዜ ያ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ አልጽፈውም። ሚስቱ ወሯ ገብቷል።

ገመቹ አላደረገውም። አገኘዋለሁ።

ማክሰኞ

የካቢኔቱ ቁልፍ ያለን ሦስት ነን፤ እኔ፣ ገመቹና ከአዲስ አበባ በቅርቡ የመጣው ምክትል፣ ጓድ አስፋው። እኔ ፈቃድ ላይ ነበርኩ። ገመቹ ግማሹን ጊዜ አንገር ጉቲን ወርዶ ሰፋሪ ሲመዘግብ ነበር። ጓድ አስፋው ትጉህ ነው፣ እርሳሶቹ እንኳ ካልተሰለፉ ሥራ አይጀምርም። ትናንት «አሻጥር!» እያለ ከሁሉ በላይ የጮኸውም እሱ ነው።

ዛሬ በየመሳቢያው ላይ ካርቶን አንጠለጠልኩ። ማን ከፈተ? ምን ነካ? ፊርማ።

ገመቹ በዚህ ጭንቀቱ እንኳ ሳቀብኝ። «አዴ አስካለ፣ ሌባ ይፈርማል እንዴ?»

ሌባ አይፈርምም። ጥፋቱን ጥፋት ነው ብሎ የማያስብ ሰው ግን ይፈርማል።

ረቡዕ

አገኘሁት! እልል ማለት ነው የቀረኝ።

የ«አ» መሳቢያ አልዘጋ ብሎ አፉን ከፍቷል። ካርቶኑ ላይ በሚያምር ጽሕፈት «ኦቦ ደበላን ወደ ቦታው መለስኩ» ይላል፤ ከሥሩ የጓድ አስፋው ፊርማ። ሳብ ባደርገው ፋይሉ ታጭቋል፣ ሽፋኑ ሁሉ አዲስ ነው። ኦቦ ዋቅጅራ። አዴ ጫልቱ። ኦቦ ቶለሳ። ደግሞ ሌላ ኦቦ ቶለሳ።

ወለሉ ላይ ተቀምጬ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ትልቅ ሰው ስሙ ያለ ማክበሪያ ባዶውን ሲጠራ ቅር ስለሚለው፣ ገመቹ ሽፋኑ ላይ «ኦቦ ቶለሳ ዲንቃ» ብሎ ይጽፋል፣ የሚያስቀምጠው ግን «ተ» ውስጥ ነው። ጓድ አስፋው ኦቦን ስም፣ ቶለሳን የአባት ስም አደረጋቸው። ዲንቃን አያት ነው ብሎ ሰረዘው!

ኦቦ ሲባል ሰምቶ ያደገ ሰው ይህን ስህተት ቢፈልግም አይሳሳተውም። ገመቹ ነጻ ነው።

ሐሙስ

ለማንም አልተናገርኩም። ምክትሉን በስብሰባ ፊት እኔ ከከሰስኩት ነገ በሌላ ነገር ይመጣብናል። ገመቹ ምሳውን ሳይነካ መለሰው። ልነግረው አፌ ድረስ መጥቶ ዋጥሁት። ቢሰማ ሮጦ የጓድ አስፋውን አንገት ያንቃል።

ጓድ አስፋው ራሱ ይናገረው። ከራሱ አፍ እንዴት እንደማወጣው አውቃለሁ።

ዓርብ

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሁላችንም ተሰበሰብን፤ ኦቦ ቶለሳም ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ደብዳቤው ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ ነበር። የ«አ»ን ክምር አምጥቼ «ጓድ አስፋው፣ እስቲ ስሞቹን ያንብቡልን» አልኩ።

«ኦቦ ቶለሳ፣ ኦቦ ቶለሳ፣ ኦቦ ዋቅጅራ...» ቀና አለ። «በዚህ አገር ኦቦ የሚባል ሰው አይበዛም? በየመሳቢያው ተበታትነው አግኝቼ እኮ ነው አንድ ላይ ያደረግኋቸው።»

ገመቹ አፉን በእጁ ያዘ።

«ልጄ» አሉ ኦቦ ቶለሳ በእርጋታ፣ «ኦቦ ማለት አቶ ማለት ነው። አንተን ጓድ እንደሚሉህ።»

ተመስገን፣ ቀድመው የሳቁት ሥራ አስኪያጁ ናቸው። ጓድ አስፋው እስከ ጆሮው ቀላ። ደብዳቤው ሲቀደድ በዓይኔ አየሁ። የሽማግሌው አቤቱታ ሁለተኛው «ኦቦ ቶለሳ» ውስጥ ተገኘ፣ ኮሚቴውም አየላቸው።

ገመቹ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ።

ቅዳሜ

ፋይል ስንመልስ አረፈድን። ጓድ አስፋው እጅጌውን ሰብስቦ መጣና በር ላይ ቆመ።

«ኦቦ ገመቹ፣ አካም ቡልታን?» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አለው።

ገመቹ ቀና ብሎ አየው፣ አየው። ፈራሁ። ይህ ሰው እኮ ሊያስበላው ነበር። በኋላ ቀስ ብሎ «ነጋ»፣ ሰላም ነው፣ አለና ትልቁን ክምር አሸከመው። ይቅር ብሎት ይሁን አይሁን አላውቅም።

መሳቢያው አሁን ይዘጋል። ከመሄዴ በፊት ከፍቼ ሳየው አንድ ያልነበረ ባዶ ፋይል አለ፣ ሽፋኑ ላይ በገመቹ እጅ «ኦቦ አስፋው» ተጽፏል። «አ» ውስጥ ነው፤ ቦታው ትክክል ነው።

ካርቶኑ ላይ «ከፈትኩ፣ ምንም አልነካሁም» ብዬ ፈረምኩ።